ማይክሮዌቭ ወይስ ተራው ፈርነስ? የብረት-ኒኬል ናኖክሪስታላይን ዱቄት ሲንተሪንግ ላይ ውጤቴን እዩልኝ

ዱቄት_ከዚራ፦

ሰላም ጀመዓ፣ ከድሬ ነው የምጽፈው፤ እህታችሁ ነኝ። የማስተርስ ሥራዬ በቦል ሚል (በኳስ መፍጫ) የተሠራ የብረት-ኒኬል ዱቄት በሁለት መንገድ ሲንተር አድርጎ (ሳይቀልጥ በሙቀት አያይዞ) ማነጻጸር ነው፤ አንዱ በቲዩብ ፈርነስ (ባለ ቱቦ ምድጃ)፣ ሌላው በማይክሮዌቭ። ውጤቱ ለማይክሮዌቭ ያደላል። ግን እንዲህ በቀላሉ ማድላቱ ራሱ አላማረኝም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ሁሉ ላስቀምጥና ስህተቴን አውጡልኝ።

ዱቄቱ በክብደት 90 በመቶ ብረት፣ 10 በመቶ ኒኬል ነው። ፕላኔታሪ ሚል፣ የስቲል ኳስ፣ ኳስ ለዱቄት 10 ለ 1፣ በደቂቃ 300 ዙር፣ 20 ሰዓት። እንዳይጣበቅ 1 በመቶ ስቴሪክ አሲድ ገብቶበታል። ከኤክስሬይ ዲፍራክሽን በሼረር ቀመር (ከፒክ ስፋት መጠን የሚያሰላ) ያወጣሁት የግሬይን (በቅንጣቱ ውስጥ ያለው ክሪስታል) መጠን 18 ናኖሜትር ነው። ፔሌቱን (ዱቄቱ ተጭኖ የሚወጣውን ክብ ቁራጭ) 13 ሚሊሜትር ዳይ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ በ5 ቶን ተጫንኩት፤ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ገደማ።

በፈርነሱ፦ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ፣ 1100 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት፣ ጋዙ ናይትሮጅን ከ5 በመቶ ሃይድሮጅን ጋር። ዴንሲቲ (ቀዳዳ ከሌለው ድፍኑ አንጻር) 88 በመቶ፣ ሼረር 80 ናኖሜትር።

በማይክሮዌቭ፦ 900 ዋት የተጻፈበት የቤት ኦቨን ነው። ውስጡ የአሉሚና ፋይበር ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ የሲሊከን ካርባይድ ቀለበት፣ በቀለበቱ መሃል ፔሌቱ። ጋዙ ያው ነው። በ15 ደቂቃ 1100 ይደርሳል፣ እዚያ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሙቀቱን ከላይ በተበሳ ቀዳዳ በፓይሮሜትር (ከጨረር ሙቀት በሚያነብ መለኪያ) ነው የማነበው። ዴንሲቲ 91 በመቶ፣ ሼረር 45 ናኖሜትር። ከስድስት ፔሌት ግን ሁለቱ አብጠው ተሰነጠቁ።

ጥያቄዬ፦ «ማይክሮዌቭ ግሬይኑን ሳያሳድግ የተሻለ ያጠጋጋል» ብዬ መጻፍ እችላለሁ? እብጠቱስ ከምን መጣ?

ሳቢያን_ሜታሎግራፊ፦

አቦ፣ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። አሁን ባለሽ መረጃ ያንን ዓረፍተ ነገር መጻፍ አትችዪም።

18፣ 45፣ 80 ያልሻቸው ሦስት ቁጥሮች እኩል አይታመኑም። በመዳብ የኤክስሬይ ቱቦ (ሞገዱ 0.15406 ናኖሜትር) የብረት ዋናው ፒክ (የኤክስሬይ ግራፉ ጫፍ) 44.7 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀመሩን ገልብጠሽ የፒኩን ስፋት አስዪው። 18 ናኖሜትር 0.48 ዲግሪ ይሰጥሻል፣ 45 ናኖሜትር 0.19፣ 80 ናኖሜትር ደግሞ 0.107። አሁን ማሽኑ ራሱ፣ ናሙናው ምንም እንከን ባይኖረው እንኳ፣ ከራሱ የሚጨምረው ስፋት ስንት ነው? ብዙ የላብ ማሽን ላይ 0.1 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ «80» ያልሽው የፈርነሱን ግሬይን አይነግርሽም፤ የሚነግርሽ ማሽኑ ከዚያ ወዲያ ማየት አለመቻሉን ነው። ግሬይኑ 300 ናኖሜትር ቢሆንም፣ 3 ማይክሮሜትር ቢሆንም ያው 80 ይልሻል። የማሽኑን ስፋት በደንብ በተጋገረ ሲሊከን ወይም ላንታነም ሄክሳቦራይድ ለኪና ቀንሺ። ደግሞም በመዳብ ቱቦ ብረት ራሱ ፍሎረሰንስ (የራሱን ኤክስሬይ) ያመጣል፣ ጀርባው ከፍ ይላል፤ እርምጃውን 0.02 ዲግሪ አድርገሽ በየነጥቡ ረዘም ያለ ጊዜ ስጪው።

ከዚህ የሚብሰው የመረጥሽው ቅይጥ ነው። ብረት 912 ዲግሪ ላይ ከአልፋ ወደ ጋማ (ከአንድ የክሪስታል አደራደር ወደ ሌላ) ይለወጣል፣ ኒኬል ሲጨመርበት ይህ ሙቀት ዝቅ ይላል። 1100 ላይ ፔሌትሽ ሙሉ በሙሉ ጋማ ነበር። ሲቀዘቅዝ ወደ አልፋ ይመለሳል፤ 10 በመቶ ኒኬል ያለበት ደግሞ ሲመለስ በቀላሉ ማርቴንሳይት መሰል ቅርጽ ይይዛል፣ ውስጡ በዲስሎኬሽን (በአቶም አደራደር እንከን) ይሞላል። ዲስሎኬሽንና የውስጥ ስትሬን (መወጠር) ፒክ ያሰፋሉ። ሼረር ይህን መለየት አያውቅም፤ የሰፋውን ሁሉ «ትንሽ ግሬይን» ብሎ ይተረጉመዋል። የማይክሮዌቩ ፔሌት ከትንሽ ሳጥን ውስጥ በደቂቃዎች ነው የሚቀዘቅዘው፣ የፈርነሱ በሰዓታት። ስለዚህ 45 እና 80 መካከል ያለው ልዩነት ከሲንተሪንግ ሳይሆን ከማቀዝቀዝ ፍጥነት ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሲንተር ሲደረግ የነበረው ግሬይንማ ጋማ ነበር፤ እሱ አሁን የለም።

ቢያንስ 110፣ 200 እና 211 ፒኮችን ወስደሽ ዊሊያምሰን-ሆል (የፒኮቹን ስፋት የሚያነጻጽር ስሌት) ሥሪ፣ ስትሬኑን ከመጠኑ ለዪ። ከዚያ በላይ ግን ናሙናውን አጽድተሽ፣ በአልማዝ ፓስታ እስከ 1 ማይክሮሜትር ድረስ ወልውለሽ፣ በ2 በመቶ ናይታል (ናይትሪክ አሲድ በኢታኖል) ለጥቂት ሰከንድ አሳይተሽ በኤስ ኢ ኤም (በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) ተመልከቺው። በዓይን የታየ ግሬይን ከሼረር ቁጥር የበለጠ ይታመናል፣ ነገሩ ያ ነው።

ዴንሲቲው ላይ ሌላ ሰው ይጨምርበት። እኔ አንድ ነገር ብቻ፦ «ናኖ ዱቄት» እና «ናኖክሪስታላይን ዱቄት» አንድ አይደሉም። ከቦል ሚል የወጣው ቅንጣት 5፣ 10፣ 30 ማይክሮሜትር ነው፤ ናኖ የሆነው በቅንጣቱ ውስጥ ያለው ግሬይን ነው። ሲንተሪንግን የሚገፋው የገጽ ስፋት የሚወሰነው በቅንጣቱ መጠን ነው። ስለዚህ እውነተኛ 50 ናኖሜትር ቅንጣት በ600 እና 700 ዲግሪ ሲጠጋጋ አይተሽ ያንቺ ያንን ያደርጋል ብለሽ አትጠብቂ። ግሬይኑ ግን ከ500 እና 600 ዲግሪ ጀምሮ ማደጉን አይተውም። ክፋቱ ይሄ ነው፤ መጠጋጋቱ ሳይጀምር ናኖው ያልቃል።

ለገሃር_ወርክሾፕ፦

ከላይ ያለው ወንድማችን ስለ ፒኩ ጨርሶታል። እኔ ስለ ሙቀቱ ልናገር፤ በዚህ ሙከራ ውስጥ በጣም የሚያታልለው ቁጥር «1100» ነው።

ፓይሮሜትሩ ባለ አንድ ከለር (በአንድ ሞገድ ብቻ የሚያነብ) ከሆነ ኤሚሲቪቲ (ገጹ ጨረር የመልቀቅ አቅሙ፣ ከ0 እስከ 1) ስንት ሰጠሽው? ብዙ ሰው 0.85 ላይ እንደመጣ ይተወዋል። ፔሌቱ ሲጀምር ኦክሳይድ ስላለበት ጥቁር ነው፤ ሃይድሮጅኑ ሲያጸዳው ያበራል፣ ኤሚሲቪቲው ወደ 0.4 ይወርዳል። 1 ማይክሮሜትር ላይ የሚያነብ ፓይሮሜትር 0.85 ተሰጥቶት እውነተኛው 0.4 ቢሆን፣ «1100» ብሎ ሲያነብ ፔሌቱ 1200 አካባቢ ነው። መቶ ዲግሪ ማለት ነው! 88 እና 91 የሚለውን ልዩነት ያ ብቻውን ያመጣዋል። በገበያ ያለው ባለ ሽጉጥ ቅርጽ ርካሹ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ተዪው፤ እሱ ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ነው የሚያነበው፣ ኳርትዝ መስኮት ያንን ሞገድ አያሳልፍም። መስኮቱን ነው የምትለኪው።

ሌላው፣ ፓይሮሜትሩ ያያል የተባለው ፔሌቱን ነው ወይስ ቀለበቱን? ሲሊከን ካርባይድ ከክፍል ሙቀት ጀምሮ ማይክሮዌቭ ይመጥጣል፤ ፔሌቱ ከእሱ በጨረር ይሞቃል። ያ ከሆነ ያለሽ ማይክሮዌቭ ሲንተሪንግ ሳይሆን በማይክሮዌቭ የሚሠራ ፈጣን ምድጃ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከፔሌቱ ጋር እኩል የሆነ የአሉሚና ፔሌት ቦታው ላይ አስቀምጪና በዚያው ኃይል አስነሺው። አሉሚና ማይክሮዌቭ ብዙም አይመጥጥም። የሙቀት ግራፉ ከብረቱ ጋር አንድ ከሆነ የብረቱ ዱቄት ምንም አልመጠጠም፣ ሥራውን ሁሉ የሠራው ቀለበቱ ነው። ብረቱ ሲገባ ግራፉ ቀድሞ ከወጣ ግን የሚባል ነገር አለ።

ኦቨኑ ላይ የተጻፈውን 900 አትመኚ። 1 ሊትር ውኃ በላስቲክ ዕቃ አስገቢ፣ ሙቀቱን ለኪ፣ ልክ 60 ሰከንድ አስሞቂ፣ አማስለሽ እንደገና ለኪ። የጨመረውን ዲግሪ በ70 አባዢ፤ የወጣው ዋት ነው። 10 ዲግሪ ከጨመረ 700 ዋት ነው ያለሽ። እዚህ ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲደክም ይሄ ቁጥር ይለወጣል፣ በየሙከራው ቀን ለክተሽ ጻፊው። ደግሞ ተራ ኦቨን «50 በመቶ» ሲባል ኃይሉን አይቀንስም፤ ግማሹን ጊዜ ይበራል፣ ግማሹን ይጠፋል። ያ 10 ደቂቃ «ቆይታ» ውስጥ ሙቀቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ሲወጣና ሲወርድ ነበር ማለት ነው። ኢንቨርተር ያለው (ኃይሉን ራሱን የሚቀንስ) ኦቨን ይሻላል።

ትኩስ ቦታውን ለማግኘት የደረሰኝ ማተሚያ ወረቀት (ሲሞቅ የሚጠቁረውን) አርጥበሽ በስታይሮፎም ላይ ዘርጊውና ለጥቂት ሰከንድ አብሪ። የጠቆሩት ነጥቦች ናቸው። 2.45 ጊጋኸርዝ ሞገዱ 12.2 ሴንቲሜትር ስለሆነ ጥቁሩና ነጩ 6 ሴንቲሜትር ገደማ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ወረቀቱን በተለያየ ከፍታ አድርገሽ ድገሚ። ሳጥንሽን 3 ሴንቲሜትር ብታንቀሳቅሺው ሌላ ሙከራ ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቦታውን በማርከር ምልክት አድርጊበት።

አሁን ስለ ቀዳዳው። ዝም ብሎ የተበሳ ከሆነ አደገኛ ነው። 15 ሚሊሜትር ዲያሜትር፣ 50 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ ዙሪያውን ክፍተት ሳይቀር ይበየድበት፤ በዚህ ስፋት 2.45 ጊጋኸርዝ አያልፍም። ግን ልብ በዪ፣ በዚያ ቱቦ ውስጥ የተርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) ሽቦ ወይም የብረት የጋዝ ቱቦ ካለፈ መከላከያው ከንቱ ነው፤ ሽቦው አንቴና ሆኖ ሞገዱን ወደ ውጪ ይዞት ይወጣል። የጋዙ ቱቦ ኳርትዝ ወይም አሉሚና ይሁን። ሊክ መለኪያ ከ5 ሴንቲሜትር ርቀት በካሬ ሴንቲሜትር 5 ሚሊዋት በላይ ካሳየ አቁሚ። የኋላውን ክዳን የሚከፍት ሰው ካለ ደግሞ፣ ካፓሲተሩ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ከ2 ሺህ ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል። ገዳይ ነው፤ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ብቻ ይንካው።

ዱቄት_ከዚራ፦

አመሰግናለሁ፣ ራሴን አሳመማችሁኝ። ፓይሮሜትሩ ባለ አንድ ከለር ነው፣ 0.85 ላይ ነው የነበረው። የአሉሚናውን ሙከራ ነገ አደርጋለሁ። የተሰነጠቁት ሁለቱ ላይ ግን ማንም አልመለሰልኝም። ዴንሲቲውን ደግሞ በአርኪሜደስ (በአየርና በውኃ ውስጥ በመመዘን) ነው የለካሁት፣ ሚዛኑ እስከ 0.01 ግራም ያነባል፣ ውኃውን 1 ግራም በሴንቲሜትር ኪዩብ ብዬ ወሰድኩ።

ጀጎል_ፓውደር፦

ከሐረር ሰላም። ከእብጠቱ ልጀምር፣ መልሱ ዱቄትሽ ውስጥ ነው።

ስቴሪክ አሲድ በክብደቱ 76 በመቶ ካርቦን ነው። 1 በመቶ ከጨመርሽ፣ ካልወጣ በስተቀር 0.76 በመቶ ካርቦን በብረትሽ ውስጥ አለ። 20 ሰዓት ከተፈጨ ደግሞ ዱቄቱ ላይ ኦክሳይድ አለ፤ ጃሩ ሲከፈት አየር ያገኘው አዲስ ገጽ ሁሉ ኦክሳይድ ነው። ካርቦንና ኦክሳይድ ከ700 ዲግሪ በላይ ተገናኝተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ይሆናሉ። በፈርነሱ በደቂቃ 5 ዲግሪ ስትሄጂ ጋዙ ቀዳዳዎቹ ሳይዘጉ በቀስታ ይወጣል። በማይክሮዌቭ በደቂቃ 70 ዲግሪ ስትሄጂ ግን ጋዙ ገና እየተፈጠረ ዳር ዳሩ ይዘጋል። ያበጠው ለዚያ ነው። በማይክሮዌቭ ደግሞ ዱቄቱ ራሱ ከመጠጠ ሙቀቱ ከመሃል ወደ ዳር ስለሚሆን (በፈርነስ ተቃራኒው ነው) መሃሉ ቀድሞ ይገፋል፣ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። አንድ ያበጠ ፔሌት በአልማዝ ዲስክ ለሁለት ቁረጪ። መሃሉ ክብ ክብ ትላልቅ ቀዳዳ፣ ዳሩ ጥቅጥቅ ካለ ጉዳዩ ተረጋገጠ። ስንጥቁ ከፊቱ ጋር ትይዩ ሆኖ እንደ ቂጣ ንብርብር የተላጠ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ እሱ የመጫኛው ስህተት ነው፤ ከዳይ ሲወጣ ነው የተሰነጠቀው።

መፍትሔው፦ ሁለቱንም ዓይነት ፔሌት፣ የፈርነሱንም የማይክሮዌቩንም፣ አስቀድመሽ በዚያው ቲዩብ ፈርነስ 450 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት በሃይድሮጅን ቅልቅሉ አቆያቸው። በደቂቃ 3 ዲግሪ ብቻ ጨምሪ። ስቴሪኩ ይተናል፣ ሃይድሮጅኑ የብረት ኦክሳይዱን ይቀንሳል፣ ውኃው ይወጣል። ግሬይኑ ትንሽ ማደጉ አይቀርም፣ ግን ለሁለቱም እኩል ነው። በፊትና በኋላ መዝኚ፤ ከ1 በመቶ በላይ ከቀነሰ ትርፉ ኦክስጅን ነው። ከዚያ አየር ሳይነካው ወደ ሲንተሪንግ ይሂድ።

ጃሩን ስትከፍቺ ደግሞ ተጠንቀቂ። አዲስ የተፈጨ ብረት ትኩስ እያለ በድንገት አየር ቢገባበት ይቀጣጠላል፤ በድሬ ሙቀት ጃሩ ራሱ ከመቀዝቀዝ ይዘገያል። 15 ደቂቃ አስፈጭተሽ 15 ደቂቃ አሳርፊ፣ በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ ቫልቩን በትንሽ በትንሹ ክፈቺ።

መጫኑ ላይ፦ በ13 ሚሊሜትር ዳይ 5 ቶን 370 ሜጋፓስካል ነው። የተፈጨ ዱቄት በሥራ የጠነከረ ስለሆነ ይህ አይበቃውም። 500 ሜጋፓስካል ለማግኘት 6.8 ቶን ያስፈልጋል። ዳዩ ግድግዳ ላይ ዚንክ ስቴሬት በአልኮል ቀቢ፣ ዱቄቱ ውስጥ ግን ሌላ ቅባት አትጨምሪ። የእያንዳንዱን ፔሌት ጥሬ ዴንሲቲ ከሲንተሪንጉ በፊት ጻፊ። ሁለቱ ቡድኖች ከመጀመሪያው በ2 በመቶ ከተለያዩ መጨረሻ ላይ የ3 በመቶ ልዩነት ምንም ዜና አይደለም።

ሚዛኑ ላይ አሳዘንሽኝ። 13 በ4 ሚሊሜትር ፔሌት 0.53 ሴንቲሜትር ኪዩብ ነው። 0.01 ግራም ስህተት ብቻዋን 2 በመቶ ታመጣለች። 88 እና 91 መካከል ያለው ልዩነት ግማሹ የሚዛን ነው ማለት ነው። ቢያንስ 0.001 ግራም የሚያነብ ያስፈልጋል። ውኃውም፦ በ32 ዲግሪ 0.995 ነው፣ 1 አይደለም፤ ሌላ ግማሽ በመቶ። ዴንሲቲው ከ92 በመቶ በታች ሲሆን ደግሞ ብዙ ቀዳዳ ገና ክፍት ነው፣ ውኃ ይገባል። ሦስት ጊዜ መዝኚ፦ ደረቁን፣ ቀዳዳው በቫኩም ውኃ ጠጥቶ ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለውን፣ ከዚያ አውጥተሽ ገጹን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ በአየር። ደረቁን ለሁለቱ ልዩነት አካፍዪና በውኃው ዴንሲቲ አባዢ።

አሁን የማልስማማበት። ለገሃር ወንድሜ «ምንም አልመጠጠም» ወደሚለው ትንሽ አዘንብሎ ጻፈው መሰለኝ። ድፍን ብረት ማይክሮዌቭ ይመልሳል፣ ዱቄት ግን ይመጥጣል፤ ይህን በ1999 እ.ኤ.አ. የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ሩስተም ሮይና ዲነሽ አግራዋል ከባልደረቦቻቸው ጋር ኔቸር ላይ አሳይተዋል። ምክንያቱም ሞገዱ የሚገባው ጥልቀት፣ ለመዳብ ለምሳሌ በ2.45 ጊጋኸርዝ 1.3 ማይክሮሜትር ቢሆንም፣ ቅንጣቱ ራሱ በጥቂት ማይክሮሜትር ስለሆነ የድርሻውን ያገኛል። ብረት ደግሞ እስከ 770 ዲግሪ ማግኔታዊ ስለሆነ ከሞገዱ ማግኔታዊ ክፍልም ይወስዳል። እንግዲህ የአሉሚናው ሙከራ ልዩነት ያሳያል ብዬ እገምታለሁ፣ በተለይ ከ400 እስከ 800 ባለው። ከዚያ በላይ ግን ቅንጣቶቹ አንገት አውጥተው ሲያያዙ ፔሌቱ ድፍን ብረት እየመሰለ ይሄዳል፣ መመለስ ይጀምራል፤ መጨረሻው ላይ ሥራውን ቀለበቱ ይረከባል።

ለገሃር_ወርክሾፕ፦

ትክክል፣ ያንን እቀበላለሁ። ግን «የማይክሮዌቭ ጸባይ ነው» የሚባለው ሁሉ ሲፈተሽ አብዛኛው የፍጥነት ጸባይ ነው። እህታችን በፈርነሱ ከ600 እስከ 1100 ለመውጣት 100 ደቂቃ ፈጀባት፣ በማይክሮዌቭ 7 ደቂቃ። ግሬይኑ የሚያድገው በዚያ መሃል ከሆነ ማይክሮዌቭም ባይሆን 7 ደቂቃ ያሸንፋል። ስለዚህ የጎደለው ሦስተኛ ቡድን ነው፤ ፈጣን ፈርነስ። ቲዩቡን ባዶውን 1100 ላይ አድርሺ፣ ፔሌቱን በቀዝቃዛው ጫፍ አስቀምጪ፣ ጋዙን አስኪጂ፣ ከዚያ በ15 ደቂቃ እየተገፋ ወደ መሃል ይግባ። ተርሞካፕሉ ፔሌቱን ይንካ፣ ግራፉም የማይክሮዌቩን ይምሰል። የአሉሚና ጀልባ በዚህ አገባብ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ቀጭን የ310 ስቴይንለስ ቆርቆሮ አጥፈሽ ተጠቀሚ፤ ፔሌቱ እንዳይጣበቅበት ከሥሩ የአሉሚና ዱቄት በትኚ። 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ጎትተሽ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ። ማይክሮዌቩ ይህንን ካሸነፈ ያኔ ጻፊው፣ እኔም አነባለሁ።

እንደ ላብ ባለቤት ግን ማይክሮዌቭን የምወድበት ምክንያት ሌላ ነው፤ 25 ደቂቃ ብቻ መብራት ይበቃዋል። ተራው ፈርነስ በ1100 ቆይታው መሃል መብራት ሲሄድበት ናሙናው በ800 እና 900 ስንት ሰዓት እንደቆየ ማንም አያውቅም፤ ያ ፔሌት ይጣላል።

ሳቢያን_ሜታሎግራፊ፦

በዚሁ ላይ ቅይጡን መቀየር ካልረፈደ፣ ኒኬሉን 50 በመቶ አድርጊው። ብረት-50 ኒኬል ከላይ እስከ ታች ጋማ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ሲቀዘቅዝ አይለወጥም። ሲንተር ሲደረግ የነበረውን ግሬይን ያንኑ ታያለሽ፣ የማቀዝቀዙ ፍጥነት አያታልልሽም። ሙሉ ዴንሲቲው 8.2 አካባቢ ነው። ሁለቱን ንጥረ ነገሮች በተናጠል ዴንሲቲያቸው አደባልቀሽ ካሰላሽው 8.36 ይወጣል፣ ያ ከፍ ብሏል፤ እሱን ከያዝሽ ፔሌትሽ ሁሉ ወደ 2 በመቶ ያነሰ ይመስላል።

ከየቡድኑ አምስት ፔሌት፣ ሦስት ቡድን፣ ሦስት ሙቀት፦ 900፣ 1000፣ 1100። ግሬይኑን ከሙቀት ጋር ሳይሆን ከዴንሲቲ ጋር በግራፍ ሳዪው። በ90 በመቶ ዴንሲቲ ላይ የማን ግሬይን ያንሳል ነው ጥያቄው፤ ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ የግሬይኑን ድንበር የሚይዘው ስለሚጠፋ ከ90 በኋላ ሁሉም ይሮጣል።

ዱቄት_ከዚራ፦

50 በመቶውን አደርጋለሁ፣ ኒኬል ዱቄት ተርፎናል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ከለር ፓይሮሜትር አላገኝም። የፈርነሱንና የኦቨኑን ሙቀት በአንድ ነገር ማስተካከል እፈልጋለሁ። ብር አቅልጬ 961 ላይ ባየው ይሠራል? ሐረር ከብር ሠሪዎች ቁራጭ ማግኘት ይቻላል፣ አንድ የማሪያ ተሬዛ ብርም አለ።

ጀጎል_ፓውደር፦

የማሪያ ተሬዛዋን ለአንገት ተያት፤ 83.3 በመቶ ብር ናት፣ ቀሪው መዳብ ነው። ከ779 ዲግሪ ጀምሮ ትቀልጣለች፣ ቀስ እያለች ነው የምትጨርሰው፤ ለመለኪያ አትሆንም። የብር ሠሪ ቁራጭም እንደዚያው፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ ውሰጂ። ቫርኒሽ የሌለው፣ 1 ሚሊሜትር፣ በናይትሪክ አሲድ ፈጥነሽ አጥበሽ፣ 3 ሚሊሜትር ቆርጠሽ። ንጹህ መዳብ 1084.6 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ በሃይድሮጅን ቅልቅሉ ውስጥ። አየር ከገባ ግን ከኦክሳይዱ ጋር 1065 ላይ ይቀልጥና ያታልልሻል። ቁራጩን ፔሌቱ ላይ አታስቀምጪው፣ ከኒኬሉ ጋር ይዋሃዳል፤ በፔሌቱ ፋንታ በተቀመጠ ቀጭን የአሉሚና ሳህን ላይ ይሁን። አንድ ጊዜ ፓይሮሜትሩ 1070 እያለ አጥፊ፣ ከዚያ 1080፣ 1090 እያልሽ ሂጂ። ጠርዙ ሹል ሆኖ ከወጣ አልቀለጠም፤ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ቀልጧል። ልዩነቱን ጻፊና በሁለቱም ምድጃ ያንኑ ድገሚ። ይህ የሚነግርሽ የሳህኑን ሙቀት ነው፣ የፔሌቱን ኤሚሲቪቲ አያስተካክልልሽም። ለሱ ፔሌቱ ላይ 3 ሚሊሜትር ዲያሜትር፣ 6 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ 4 ሚሊሜትር ፔሌት ስለማይበቃ አንዱን ብቻ 9 ሚሊሜትር አድርገሽ ተጫኚና ፓይሮሜትሩ ጉድጓዱን እንዲያይ አድርጊ። ጉድጓድ ሁሌም ጥቁር ነው፣ ኤሚሲቪቲው ወደ 1 ይጠጋል። የጉድጓዱና የገጹ ንባብ ልዩነት በዚያ ሙቀት ላይ ማረሚያሽ ነው።